የማዳጋስካር ቆጣቢዎች

በደቡብ ምሥራቅ ማዳጋስካር፣ ራኖማፋና በሚባለው ዝናባማ ደን ውስጥ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ ወርቅማ ፀጉር ያለው እንስሳ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል የቀርከሃ ቡቃያ ይበላል። የገዛ ክብደትን ሲሶ በአንድ ቀን መብላት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጉዱ ያለው ግን ቡቃያው ውስጥ ነው። በ100 ግራም ትኩስ ቡቃያ ውስጥ 15 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያናይድ አለ። አባዙት፤ ቀኑ ሲመሽ እንስሳው 75 ሚሊ ግራም ሲያናይድ ውጧል ማለት ነው። ይህን ያህል መርዝ አንድ ጎልማሳ ሰው ሊገድል ይችላል። ለእሱ ቁመናና ክብደት ደግሞ ገዳይ ከሚባለው መጠን 12 እጥፍ ያህል ነው። እሱ ግን በማግስቱ ተነስቶ ያንኑ ይበላል።

ወርቃማው የቀርከሃ ሌሙር ይባላል። ሳይንስ ያወቀው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊቷ የፕራይሜት ተመራማሪ ፓትሪሺያ ራይት ጠፍቷል ተብሎ የተፈራውን ትልቁን የቀርከሃ ሌሙር ፍለጋ ወደ ራኖማፋና ሄዱ፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር የፈለጉትንም ያልፈለጉትንም አገኙ። በ1991 ደኑ 41,600 ሄክታር ስፋት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። አንዲት ትንሽ እንስሳ ይህን ያህል መሬት ስታስከብር ብዙ ጊዜ አይታይም።

እዚያው ደን ውስጥ ሦስት ዓይነት የቀርከሃ ሌሙሮች አብረው ይኖራሉ። ወርቃማው ለጋውን ቡቃያና የቅጠሉን ሥር ይመርጣል። ትልቁ፣ መንጋጋው ብርቱ ስለሆነ፣ የጠነከረውን አገዳ ሰንጥቆ ውስጡን ያወጣል። ሦስተኛውና ትንሹ ደግሞ ቅጠል ቅጠሉን ይቀነጥሳል፤ ሌላ ተክልም ይጨምርበታል። አንድ ቀርከሃ፣ ሦስት ገበታ። መርዙን መልመድ ያስፈለገበት ምክንያትም ከዚህ ይገመታል፤ ማንም የማይሻማው ምግብ እሱ ነውና።

ስለ ሌሙሮች የሚነገሩ ቁጥሮች ሁሉ፣ ጠጋ ብሎ ላያቸው፣ እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ ተአምር ይመስላሉ፤ ቀጥሎ የቁጠባ መዝገብ ሆነው ይገኛሉ። ራይት ራሳቸው በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ የሌሙሮችን እንግዳ ጠባይ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ሊያስሩት ሞክረዋል፤ ደሴቲቱ ስስታም ናት፣ ልጆቿም ቆጣቢዎች ሆኑ የሚል ነው። ነገሩ ለሁሉም ጠባያቸው ይሠራል ብዬ አልከራከርም። ለአብዛኛው ግን የሚሠራ ይመስለኛል።

ደሴቲቱ 587 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከኢትዮጵያ ግማሽ ጥቂት የምትበልጥ። ከዓለም የብስ 0.4 በመቶ ብቻ መሆኗ ነው። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ከ100 በላይ የሌሙር ዝርያዎች ይኖራሉ። ዝንጀሮውን፣ ጦጣውን፣ ጉሬዛውንና ጎሪላውን አንድ ላይ ብንቆጥር እንኳ፣ በምድር ላይ ካሉት አምስት የፕራይሜት ዝርያዎች አንዱ ገደማ ሌሙር ነው። ከማዳጋስካርና ከጎረቤቶቿ የኮሞሮ ደሴቶች በስተቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ የለም። ወደ ኮሞሮም የወሰደው ሰው እንደሆነ ይታመናል። ለእኛ ቅርብ የሆኑት ዘመዶቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ውስጥ በሌሊት የሚዘሉት ጋላጎዎች ናቸው፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ጆሯቸው ሰፊ፣ ዝላያቸው የተስፈንጣሪ።

እዚያ እንዴት ደረሱ? ማዳጋስካር ከአፍሪካ የተገነጠለችው ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። የሌሙሮች አያት የደረሰችው ከዚያ በጣም ዘግይታ፣ ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደሆነ ይገመታል። ደሴቲቱ ደሴት ከሆነች 100 ሚሊዮን ዓመት አልፏት ነበር ማለት ነው። መካከሉ ላይ ዛሬ በጠባቡ በኩል 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን ባሕር አለ። በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ፣ ማዕበል የነቀለው ዛፍና ቅጠላ ቅጠል ላይ ሆነው ተንሳፈው ተሻገሩ የሚል ነው። በ2010 የታተመ ጥናት በዚያ ዘመን የውኃው ፍሰት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደሴቲቱ፣ ይሄድ እንደነበር በስሌት አሳይቷል። መሻገሩ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ቢሳካ ይበቃል፤ ለመሳካት ደግሞ የሚሊዮኖች ዓመታት ዕድል ነበረው።

ከዚያች መንገደኛ የወጡትን ልጆች በሚዛን ላይ እናስቀምጥ። ትንሿ፣ በምዕራቡ ደረቅ ደን የምትገኘው የማዳም በርት አይጥ-መሰል ሌሙር፣ 30 ግራም ትመዝናለች፤ የአንድ ዶሮ እንቁላል ግማሽ። ስያሜዋ ለማዳጋስካሯ ተመራማሪ ለበርት ራኮቶሳሚማናና መታሰቢያ ነው፤ ከምድር ፕራይሜቶች ሁሉ ታናሽ ተብላም ተመዝግባለች። ዛሬ ካሉት ትልቁ፣ በምሥራቁ ዝናባማ ደን የሚኖረው ኢንድሪ፣ እስከ 9.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ልዩነቱ ከ300 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ግን የተረፈው ብቻ ነው። አርኬኦኢንድሪስ የሚባለው የጠፋ ሌሙር 160 ኪሎ ገደማ ይመዝን እንደነበር ከአጥንቱ ተሰልቷል፤ ወንድ ጎሪላ ያክላል። 30 ግራም ከ160 ኪሎ ጋር ሲነጻጸር 5,300 እጥፍ ይመጣል፤ ሁለቱም ሌሙር፣ ሁለቱም የአንዲት ደሴት ልጆች። ሰው ማዳጋስካርን ከረገጠ ወዲህ ቢያንስ 17 ግዙፍ ዝርያዎች ጠፍተዋል። ከጠፉት መካከል ከዛሬው ኢንድሪ የሚያንስ አንድም የለም። ሞት ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየለቀመ መጣ።

ስለ ዝርያ ቁጥር አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። በ1994 የወጣው የማዳጋስካር ሌሙሮች መምሪያ መጽሐፍ 50 ዓይነት ቆጠረ። በ2010 የወጣው ሦስተኛ እትሙ 101 ደረሰ። በ16 ዓመት ውስጥ 51 አዲስ ዓይነት አልተወለደም፤ የዘረ መል ምርመራ ረቀቀ እንጂ። ሁለት ብቻ ይባሉ የነበሩት አይጥ-መሰል ሌሙሮች በተመራማሪዎች እጅ ከሃያ በላይ ሆኑ፤ በቅርቡ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና መዝነው ወደ 19 ዝቅ አደረጓቸው። ስለዚህ «ከ100 በላይ» የሚለውን ያዙት፤ የመጨረሻዋን አሐዝ ግን አጥብቃችሁ አትያዟት።

አሁን ወደ ስስቱ እንመለስ። በምሥራቁ ጠረፍ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ደመና ተራራ ይመታና ይዘረገፋል፤ ራኖማፋና በአንዳንድ ዓመት 4 ሜትር ያህል ዝናብ ይወርድበታል። ይህን የሰማ ሰው ደኑ የጥጋብ አገር ይመስለዋል። አይደለም። አፈሩ ስስ ነው። ዛፎቹ ፍሬ የሚሰጡበት ጊዜ የተዛባ ነው፤ ዘንድሮ የሰጠው ከርሞ ሊዘል ይችላል። ፍሬውም ቢሆን ሥጋ የሚገነባው ናይትሮጅን ያንሰዋል። ላይ ላዩን ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ወቅት አውሎ ነፋስ ይመጣና አበባውንም ፍሬውንም አራግፎ ይሄዳል። እዚህ ደን ውስጥ ያለ እንስሳ ዝናብ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ምሳ ነው።

አንዳንዶቹ መፍትሔ ያደረጉት መተኛትን ነው። ድንክ ሌሙር በዝናቡ ወራት ፍሬና የአበባ ማር ሲበላ ይከርምና ጅራቱ ውስጥ ስብ ያጠራቅማል። በምዕራቡ ደረቅ ደን ያለው ወፍራም ጅራቱ ድንክ ሌሙር ለመተኛት ሲዘጋጅ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ስብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና እስከ ሰባት ወር ይተኛል። ነቅቶ ሲንቀሳቀስ በደቂቃ 200 ገደማ ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 8 ይወርዳል። በስሌት እንየው፦ የነቃው ልብ በአንድ ቀን 288 ሺህ ጊዜ ሲመታ፣ የተኛው 11,520 ጊዜ ይመታል። ትንፋሹም እንዲሁ ነው፤ በሁለት ትንፋሽ መካከል አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል። በ2004 ካትሪን ዳውስማንና ባልደረቦቻቸው ይህን ሲያሳትሙ፣ በሐሩር አገር የሚኖር ፕራይሜት የወራት እንቅልፍ እንደሚተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በልኬት ተረጋገጠ። ከሁሉ የገረመው የሙቀቱ ጉዳይ ነበር። የዛፉ ጉድጓድ ስስ ከሆነ የእንስሳው ሰውነት ከአየሩ ጋር እኩል ይወጣል ይወርዳል፤ በአንድ ቀን ውስጥ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል። እኛ ሙቀታችን በሁለት ዲግሪ ሲጨምር ሐኪም ቤት እንሮጣለን።

በምሥራቁ ዝናባማ ተራሮች ላይ ያሉት ዘመዶቹ ደግሞ ዛፍ ላይ አይተኙም። ሌሊቱ ብርዳማ ስለሆነ፣ ዕድሜያቸውን ቅርንጫፍ ላይ የሚፈጁት እነዚህ እንስሳት ሲተኙ ወርደው አፈርና የረገፈ ቅጠል ውስጥ ይቀበራሉ። ሲነኳቸው የሞቱ ይመስላሉ፤ ገላቸው እንደ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው።

የማይተኙት በሌላ መንገድ ይቆጥባሉ፤ የቀን መቁጠሪያ በመጠበቅ። የራኖማፋናዋ ሲፋካ፣ ስድስት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ጥቁርና ቡናማ ሌሙር፣ በዓመት ውስጥ ለመፀነስ ዝግጁ የምትሆነው ለአንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። ከ365 ቀን አንዱ ካመለጠ ቀጠሮው ለከርሞ ነው። ስስቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በታኅሣሥና በጥር ትፀንሳለች፤ ስድስት ወር ገደማ ተሸክማ ምግብ በጠፋበት በብርዱ ወቅት ትወልዳለች። ይህ ሞኝነት ይመስላል። ግን ወራቱን ወደፊት ቁጠሩ፤ ልጁ ጡት ትቶ በራሱ መብላት የሚጀምረው ልክ ደኑ ለጋ ቅጠልና ፍሬ በሚያወጣበት ጊዜ ነው። እናቲቱ ችግሩን በራሷ ላይ አድርጋ ጥጋቡን ለልጇ ታደርሳለች። በአብዛኞቹ ሌሙሮች ዘንድ ሴቷ የቤቱ አለቃ የምትሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ጥሩ ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ላይ እሷ ስትመጣ ወንዱ ይነሳላታል፤ ካልተነሳ በጥፊ ታስነሳዋለች።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን አይ-አይ ነው። ማንም ሲያየው የሚያምር አይለውም፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ጥቁር ጭራሮ ፀጉር፣ ጆሮው የሌሊት ወፍ፣ የፊት ጥርሱ እንደ አይጥ ዕድሜ ልኩን የሚያድግ። ሌሊት ቅርንጫፍ ላይ አፍንጫውን ወደ እንጨቱ አስጠግቶ፣ ሁለት ጆሮውን ወደፊት ደፍቶ ይሄዳል። መካከለኛ ጣቱ ከሌሎቹ የተለየች ናት፤ ሥጋ የሌላት፣ እንደ ሽቦ የቀጠነች። በእሷ እንጨቱን በሰከንድ እስከ ስምንት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ድምፁ ከተለወጠ ከሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ባዶ ቦታ ካለ ጥንዚዛ የጣለችው እጭ ሊኖር ይችላል። ያኔ በጥርሱ ይቦረቡረዋል፤ ቀጭኗን ጣት ይሰድና እጩን እየጎተተ ያወጣል። በማዳጋስካር ግንደ ቆርቁር ወፍ የለም፤ ሥራውን የያዘው ይህ ሌሙር ነው። ቁጠባው ደግሞ እዚያች ጣት ድረስ ወርዷል። ሥራ በማይኖርባት ጊዜ ከሌሎቹ ጣቶች ይልቅ ቀዝቅዛ ትቆያለች፤ መታ መታው ሲጀመር እስከ ስድስት ዲግሪ ልትሞቅ እንደምትችል በሙቀት ካሜራ ታይቷል። ለማይሠራ ጣት ማገዶ አይባክንም።

ተመራማሪዎች ከዚህ እንስሳ ጋር አልጨረሱም። በ2019 በእያንዳንዱ እጁ ላይ ከአውራ ጣቱ ወገን አጥንትና ጅማት ያላት ትንሽ ስድስተኛ «ጣት» እንዳለችው ታወቀ። በ2022 ደግሞ አንድ አይ-አይ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሆነችውን ያቺን ቀጭን ጣት ሙሉ በሙሉ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ሲጎረጉር የሚያሳይ ቪዲዮ ታተመ፤ ጫፏ ጉሮሮው ድረስ ትደርሳለች። ያወጣውንም ይልሰዋል። ቁጠባ ነው ማለት ይቻል እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የአንዳሲቤ ደን ግን የሚታወቀው በድምፅ ነው። ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ አንድ የኢንድሪ ቤተሰብ ይጀምራል። ቤተሰቡ ከሁለት እስከ ስድስት ነፍስ ነው። መጀመሪያ ሻካራ ጩኸት ይመጣል፤ ቀጥሎ ረጃጅም፣ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተቱ ድምፆች እየተቀባበሉ ይወርዳሉ፤ እናት ታወጣለች፣ አባት ይከተላል፣ ልጆች ይገቡበታል። ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች ሊያልቅ ወይም ከሦስት ደቂቃ በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይሰማል። እዚህ ላይ ትንሽ ጂኦሜትሪ ይፈቀድልኝ፦ በየአቅጣጫው ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ድምፅ 1,250 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ዝነኞቹ ኢንድሪዎች የሚኖሩበት የአናላማዛኦትራ ጥብቅ ደን ስፋት 810 ሄክታር ነው። መካከሉ ላይ የተቀመጠ አንድ ቤተሰብ ሲዘፍን፣ ዘፈኑ ከደኑ ተርፎ ይፈሳል።

በ2021 የታተመ ጥናት፣ በ12 ዓመት ውስጥ ከ20 ቤተሰቦች የተቀዳውን ዘፈን ሲመረምር፣ ኢንድሪዎች ምት እንደሚጠብቁ አገኘ። በድምፆቹ መካከል ያለው ጊዜ ወይ እኩል ለእኩል፣ ወይ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ይህን ዓይነት ምት ከሰው ውጭ በሌላ አጥቢ እንስሳ ላይ ለማግኘት ይህ የመጀመሪያው ነበር። የጋራ አያታችን የኖረው ከብዙ አሥር ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ስለሆነ፣ ከእነሱ ተማርን ወይም ከእኛ ሰረቁ ማለት አይቻልም። ኢንድሪ የሚዘፍነው ግዛቱን ለማስከበር ነው። ቅጠል በልቶ የሚያድር እንስሳ ለጠብ የሚተርፍ ጉልበት የለውም፤ ከጎረቤት ጋር ጥርስ ለጥርስ ከመያያዝ በድምፅ መነጋገር ይረክሳል። ጉልበቱን የሚያወጣው ለዝላይ ነው። ጅራት አለው ለማለት አይቻልም፤ በእግሩ ግን ከአንዱ ቀጥ ያለ ግንድ ወደ ሌላው እስከ 10 ሜትር ይወረወራል።

አንድ ቸር ሌሙር ልጥቀስ። አንገቱ ላይ ጎፈር ያለው ጥቁርና ነጭ ሌሙር ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ራቬናላ የሚባለውን፣ የሙዝና የእንሰት ሩቅ ዘመድ የሆነ ተክል፣ አበባ በእጁ ከፍቶ ማሩን ይልሳል፤ አፍንጫው ላይ የቀረውን ብናኝ ወደሚቀጥለው አበባ ይወስዳል። ንብ የምትሠራውን ሥራ በሺዎች እጥፍ የሚመዝን እንስሳ ሲሠራው ነው። በዓለም ትልቁ የአበባ ብናኝ አመላላሽ ይባላል። ትልልቅ ፍሬዎችን ውጦ ዘራቸውንም ራቅ አድርጎ ይጥላል፤ እሱ በሌለበት ደን አንዳንድ ዛፍ የሚዘራለት ያጣል።

ደኑ ግን እየቀነሰ ነው። ከ1953 እስከ 2014 ማዳጋስካር ከተፈጥሮ ደኗ 44 በመቶ አጥታለች። ለሩዝ እየተመነጠረ የሚቃጠለው መሬት፣ ከሰሉ፣ ግንዱ፣ ማዕድኑ፣ ሁሉም ድርሻ አለው፤ ብዙው ሕዝብ ደግሞ ከደኑ ሌላ የሚተማመንበት የለውም። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገቡን ሲያድስ፣ ከ107 የሌሙር ዝርያዎች 103ቱ የመጥፋት ሥጋት ውስጥ መሆናቸውን አስታወቀ። 33ቱ ከመጥፋት አንድ ደረጃ ብቻ የቀራቸው ናቸው፤ ኢንድሪም፣ ጎፈራሙም፣ ወርቃማው የቀርከሃ ሌሙርም፣ የማዳም በርት ትንሿም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አሉ።

የሚያስፈራው ቁጠባው ራሱ ነው። በዝናባማው ደን ያለችው ቡናማ አይጥ-መሰል ሌሙር ሁለት ወር አርግዛ ሁለት ሦስት ልጅ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በዓመታቸው ይወልዳሉ። ኢንድሪ እንዲህ አይደለም። ሴቷ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚያም በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ አንድ ብቻ። በስምንት ዓመቷ ጀምራ በየሦስት ዓመቱ ብትወልድ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላት አምስት ልጅ ወልዳለች፤ ሁሉም ቢያድጉላት ነው። አንድ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ከሰዓት በፊት ይጨርሳል። ኢንድሪን በአጥር ውስጥ አርብቶ መመለስም እስካሁን አልተሳካም፤ በየአራዊት ማቆያው የተሞከሩት ሁሉ አልቆዩም። አንዳሲቤ አካባቢ ሰው ኢንድሪን መግደል ነውር አድርጎ ያደገ ነው፤ ባባኮቶ ይለዋል፣ የቀድሞ አባቶች ዘመድ አድርጎም ይተርከዋል። ነውሩ የሚያስረው ግን በእሱ ያደገውን ነው፤ ከሌላ አካባቢ ለወርቅና ለሥራ የመጣውን ሁሉ አያስርም። እ.ኤ.አ. በ2025 ግንቦት የተወለደች ሴት ኢንድሪ፣ በደህና ካደገችና ወንድ ካገኘች፣ የመጀመሪያ ልጇን ጀርባዋ ላይ የምታዝለው ከ2032 እስከ 2034 ባለው ጊዜ ነው።